የሰሜን አምባና የቆላ ድኝ

ሰሜንን ስናነሣ እንደ ደሴት አድርገን ማውራት ይቀናናል። ከደባርቅ ወዲያ ያለው አገር ዙሪያውን ገደል የከበበው፣ ዋሊያው ከሌላ ቦታ የማይገኝ፣ መኳንንቱ የጎንደር ዙፋን በተናጋ ቁጥር አምባቸው ላይ ወጥተው በሩን የሚዘጉበት፣ ለራሱ በራሱ የሚበቃ ምድር ተደርጎ ይሣላል። የታሪክ ጸሐፊዎቻችንም ሥዕሉን ወደውታል። የቤተ እስራኤል መሪዎች በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነገሥታቱ አንገብርም ያሉት ተራራው ስለመከተላቸው ነው ይባላል፤ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ ምጽዋ ዳርቻ ያዘዙት ሰሜንን ከኋላቸው አድርገው ነው ይባላል። ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ነፍጥ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ተራራ ብቻውን ተዋግቶ አያውቅም። ነፍጥ ባሩድ ይበላል፤ ባሩድ ደግሞ ከሦስት ነገር ይሠራል። ሁለቱን ሰሜን ከደጁ ያገኛቸዋል። ሦስተኛው ድኝ ነው፤ ድኝን ግን፣ ራሱ እሳተ ገሞራ የወለደው ተራራ ሆኖ ሳለ፣ ሰሜን የለውም። ይህች አንዲት ጉድለት የነፍጥ ዘመኑን የሰሜን ታሪክ ከምናስበው በላይ ትገልጠዋለች ባይ ነኝ። ተራራው የበረታው በሩን ዘግቶ በተቀመጠ ጊዜ ሳይሆን ተከዜን ተሻግሮ ከቆላው ጋር በተሳሰረ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ባሩዱን እንየው። የተለመደው ጥቁር ባሩድ ከመቶው 75 እጅ ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባለው ጨው፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ ነው። ጨዉን ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ከብት ለዓመታት ያደረበት በረት፣ ዝናብ የማይደርስበት የዋሻ ወለል፣ የፈረሰ ቤት ግድግዳ ሥር ያለው አፈር በሽንትና በፋንድያ ብስባሽ ይጠግባል። የትም አገር ያለ ባሩድ ሠሪ ይህን አፈር ዝቆ ታቹ በተበሳ ማሰሮ ይጨምርና ውኃ ያንቆረቁርበታል፤ የወረደውን ቡናማ ውኃ ከአመድ ጋር አዋሕዶ አጥልሎ ያፈላዋል፤ ሲበርድ እንደ መርፌ የሾለ ነጭ ጨው የዕቃውን ዳር ይይዛል። ደባርቅና ዳባት ከብትም፣ ዋሻም፣ አመድም ጎድሏቸው አያውቅም። ከሰሉም ከቀላል እንጨት ይከሰላል። ድኝ ግን ከበረትም ከጫካም አይገኝም፤ ድርሻው ትንሽ ቢሆንም ሥራው ትንሽ አይደለም። ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀልጣል፣ ከከሰሉ ቀድሞ እሳት ይይዛል፣ ከድንጋይ የተፈናጠረውን ብልጭታ ወይም የሚጤሰውን ገመድ እሳት ተቀብሎ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት ያዳርሳል። ያለ ድኝም ባሩድ መንደዱ አይቀርም፤ በዚያ ዘመን ጠመንጃ ውስጥ ግን በተፈለገበት ቅጽበት ለመነሣቱ ዋስ የለውም። ጠላት ሃምሳ እርምጃ ላይ ደርሶ ባሩዱ ካመነታ ተኳሹ የያዘው ብረት ከሽመል አይሻልም።

እሳተ ገሞራ ባለበት ሁሉ ድኝ አለ ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ድኝ ያለው ግን እሳቱ ገና ካልጠፋበት ነው። ከመሬት ሥር ያለው ቅልጥ ዐለት ድኝ ያዘለ ጋዝ ይተፋል፤ ጋዙ በስንጥቅ እየወጣ አየር ሲያገኝ ድኙ ይለይና በስንጥቁ አፍ ዙሪያ ቢጫ ሆኖ ይረጋል። ከጋዙ ከፊሉ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆንና ዐለቱን ይበላዋል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ወደ ነጭ ሸክላ፣ ወደ ተቦረቦረ ሲሊካ፣ ወደ ቀይና ብርቱካናማ የብረት ዝገት ይለወጣል። ልምድ ያለው ድኝ ፈላጊ ከሩቅ የሚያማትረው ቢጫውን ሳይሆን ይህን የነጣና የተለበለበ ዐለት ነው። ይሁንና ንጹሕ ድኝ መሬት ላይ ብዙ አይቆይም። ከሥር የሚመግበው ጋዝ ሲቋረጥ አየርና እርጥበት፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንም ታክለውበት፣ ወደ ሰልፌት ይለውጡታል፤ ዝናብ ያጥበዋል። ታዲያ በሰሜን ይህ ጋዝ ከተቋረጠ ስንት ጊዜ ሆነው? ከደባርቅ ቁልቁል ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ ገደል ለጂኦሎጂ ሰዎች በዓለም የታወቀ ቦታ ነው፤ እርስ በርሱ ከተደራረበው ላቫ ናሙና ተወስዶ በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመው ጥናት ዕድሜውን 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ጋሻ መስሎ የተቀመጠው፣ ራስ ደጀንን የተሸከመው የሰሜን እሳተ ገሞራም ከዚያ ዘመን ብዙ አይርቅም። ሠላሳ ሚሊዮን ክረምት የወረደበት ተራራ ላይ ቢጫ ድኝ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

እዚህ ላይ የሊማሊሞን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ያቋርጠኝ ይሆናል። ኢጣልያኖች በ1930ዎቹ ገደሉን ፈልፍለው ባወጡት መንገድ የወረደ ሰው ቀይ መቀነት የመሰለ ንብርብር በጥቁሩ ዐለት መካከል አይቷል፤ ድንጋዩን ቀረብ ብሎ ላየውም እንደ ምስር፣ አልፎ አልፎም እንደ ባቄላ የሚያህሉ ጉድጓዶች በነጭ ማዕድን ተሞልተው ይገኛሉ። ቀይና ነጭ ከላይ የጠቀስኩት የድኝ ምልክት አይደለም ወይ? መልኩ ይመሳሰላል፤ ልደቱ ግን ሌላ ነው። ቀዩ መቀነት በሁለት ፍንዳታዎች መካከል የተኛ የጥንት አፈር ነው፤ ላቫ ከፈሰሰ በኋላ ዐለቱ በፀሐይና በዝናብ ተሰብሮ አፈር ሆነ፣ ሣር ቅጠል አበቀለ፣ ቀጥሎ የመጣው ላቫ ከላዩ ፈስሶ ጠብሶ ቀበረው። ነጩ ደግሞ በአብዛኛው ዚዮላይት የሚባለው የማዕድን ቤተሰብ ነው፤ ላቫው ሲፈስ የጋዝ አረፋ የነበረው ቀዳዳ በኋላ በዐለቱ ውስጥ በተዘዋወረ ለብ ያለ ውኃ ተሞልቶ የተፈጠረ ነው። ለብ ያለ ውኃ እንጂ የሚያቃጥል አሲድ አልነካውም። ስለዚህ የሰሜን ዐለት ተለውጧል፣ እውነት ነው፤ የተለወጠው ግን ድኝ በሚያስቀር መንገድ አይደለም። መለወጡ ብቻውን ምን እንደሚያስገኝ የሚወስነው ለዋጩ ነው። በደላንታ ወገል ጤና ከ2008 ወዲህ ስሙ የተነሣው ኦፓልም በዚያው በጥንቱ ዘመን እሳተ ገሞራ ትፋት ውስጥ በውኃ ሥራ የተገኘ ነው፤ እዚያም ቢሆን ውኃው የከበረ ድንጋይ እንጂ ድኝ አላስቀመጠም።

ሌላም ጥያቄ ይነሣል፤ ተራራው በሕይወት በነበረ ጊዜ ድኝ ኖሮት አንዱ ዋሻ ውስጥ ተሸሽጎ ቀርቶ ቢሆንስ? ድኝ የሚረጋው ከላይ፣ በአፉ ዙሪያ ነው። የሰሜን አናት ደግሞ ከሁሉ በፊት የተሸረሸረው ክፍል ነው። ያን የሚያስደነግጥ ገደል የቀረጸው ወንዝ የተራራውን ግማሽ ይዞ ሄዷል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በራስ ደጀንና በቧሂት ዙሪያ የተኛው ግግር በረዶም የበኩሉን ፍቆ፣ የፋቀውን ኮረት ክምር ዛሬም ድረስ ትቶት ይገኛል። ቀርቶ ቢሆን እንኳ ለሠራዊት የሚበቃ አይሆንም። ከጣና በስተደቡብ ዕድሜው ያነሰ ላቫና ፍል ውኃ አለ፤ ፍል ውኃ መኖሩ ግን ድኝ የሚያስቀምጥ የጋዝ አፍ አለ ማለት አይደለም።

ለሰሜን ቅርብ የሆነው ሕያው የድኝ ምድር አፋር ነው፤ ከዚያም ውስጥ ዳሎል። ከደባርቅ በቀጥታ ቢለካ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ቁመቱ ግን የሚለካው ቁልቁል ነው። ራስ ደጀን ከባሕር ወለል ከ4,500 ሜትር በላይ ሲቆም የዳሎል የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እዚያ ሙቀቱ ሥር ነው ያለው፤ በ1926 እንኳ ፈንድቶ አዲስ ጉድጓድ ከፍቷል። የፈላ ጨዋማ ውኃ እየወጣ ሲተን ድኝ ከጨው ጋር ተደባልቆ በቢጫና በአረንጓዴ ይቀራል። ያው ቆላ አሞሌ የሚቆረጥበት ነው። የጨው ሲራራ አርሆ ከሚባለው የጨው ሜዳ ተነሥቶ ወደ ደጋው ወጥቶ፣ በሰቆጣ ገበያ አድርጎ፣ እስከ ጎንደር ይዘልቅ ነበር፤ ድኝም በዚሁ የቆላና የደጋ ንግድ ወደ ትግራይ ወጥቶ ለባሩድ ይውል ነበር። ጨው ቆራጩ፣ ግመል ነጂው፣ ቀረጥ ተቀባዩ ሁሉ የሚያስበው ስለ አሞሌው ነው፤ ድኙ በዳር የሚሄድ ጥቂት ጭነት ነበር። ለዚህም ይመስለኛል የታሪክ መጻሕፍቶቻችን አሞሌን በምዕራፍ ሲያነሡት ድኝን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፉት።

ድኝ ፍለጋ ሰውን የማይኬድበት ቦታ ማስኬዱ የኛ ብቻ አይደለም። የሜክሲኮው ወራሪ ኤርናን ኮርቴዝ ባሩድ ሲያልቅበት ሰዎቹን ወደ ፖፖካቴፔትል እሳተ ገሞራ አፍ ልኮ፣ አንዱን በገመድ ወደ ጉድጓዱ አውርዶ ድኝ አስወጥቷል፤ ለንጉሡ ሲጽፍ ግን ባሩዱ ከስፔን ቢላክ ይህ ሁሉ መከራ ባላስፈለገ ነበር ማለቱ አልቀረም። አንዳንዶቹ የድኝ ማውጫዎች ሩቅ ደሴቶች ነበሩ። ከሲሲሊ በስተሰሜን ባለችው ቩልካኖ ደሴት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ማውጫ በ1888 በተጀመረው ፍንዳታ ተቋረጠ፤ በኒውዚላንዷ ዋይት አይላንድ በ1914 ከእሳተ ገሞራው አፍ የተናደ ጭቃ 10 ሠራተኞችን ቀብሯል። ሲሲሊ ራሷ ለአውሮፓ ድኝ በብዛት የምታቀርብ ስለነበረች በ1838 ንጉሧ ሽያጩን ለአንድ ኩባንያ ሲሰጥ ብሪታንያ የጦር መርከብ እስከ መላክ ደርሳለች፤ ፋብሪካዎቿም ድኝን ፓይራይት ከሚባለው የብረት ማዕድን ወደ ማውጣት ዞሩ። ዋናው ቁም ነገር ከዚህ ላይ ነው። ከሰልና ጨው የትም ይሠራሉ፤ ድኝ ግን ጥቂት ቦታ ብቻ ስለሚገኝ የባሩድን ፖለቲካ የሚወስነው እሱ ነው። ታላቋ ብሪታንያ ከዚህ ሕግ ካላመለጠች የሰሜን ባላባት እንዴት ያመልጣል?

ወደ ሰሜን ታሪክ ስንመለስ የምናገኘው ማስረጃ ከዚህ ጋር ይገጥማል። በ1542 ነሐሴ ወፍላ ላይ የፖርቱጋል ጭፍራ አዛዥ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ በአሕመድ ግራኝ ድል ሆኖ ሲገደል የተረፉት ፖርቱጋሎች ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ወደ ሰሜን ተራራ ሸሹ፤ ዐፄ ገላውዴዎስም እዚያ ተቀላቀሏቸው። ይህ ታሪክ ሰሜንን እንደ ደሴት ለሚያይ ሰው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ተሸናፊውን ጭፍራ እንደገና ያስታጠቀው ተራራው አልነበረም፤ ትግራይ ውስጥ ደብረ ዳሞ ላይ ተቀምጦ የቆየው መሣሪያ ነው። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ አሕመድ ግራኝ የተገደሉት ከዚያ በኋላ ነው። ወራት ተራራ ላይ የከረመ ጭፍራ ባሩዱን እዚያው ሳይሠራ አልቀረም የሚል ሊኖር ይችላል። ይሁን። ባሩድ አምባ ላይ መወቀጡ ድኙ አምባ ላይ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ጠላ በደባርቅ ስለተጠመቀ ጌሾው ደባርቅ በቀለ አይባልም። ዐፄ ሠርፀ ድንግልም በ1579 ሰሜን ላይ የዘመቱት አስቀድመው ትግራይ ላይ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅንና ቱርኮችን ድል አድርገው ነፍጣቸው እጃቸው ከገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ የባሕሩን መንገድ፣ ቀጥሎ ተራራውን፤ ቅደም ተከተሉ እንዲሁ የሆነ አይመስለኝም። በ1620ዎቹ አገራችን የነበረው የኢየሱሳውያን ካህን ማኑኤል ደ አልሜይዳ ንጉሡ 1,500 ያህል ጠመንጃ እያላቸው ለዘመቻ የሚወጣው ነፍጠኛ 400 ወይም 500 እንደነበረና ተኳሹም እንዳልሠለጠነ ጽፏል። ብረቱ ነበር፤ የታጣው የሚያጎርሱት ሳይሆን አይቀርም።

የክርክሬ ዋና ምስክር ግን ውቤ ናቸው። የሰሜን ገዢ ብቻ ሆነው ሳሉ ከብዙዎቹ የዘመነ መሳፍንት ባላባቶች አንዱ ነበሩ። በየካቲት 1831 ደብረ ዓባይ ላይ የትግራዩ ገዢ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ከወደቁ በኋላ ትግራይን ሲጠቀልሉ ግን ሌላ ሰው ሆኑ፤ የባሕሩ ንግድ፣ የጨው ቆላው አፍ፣ ከእነሱም ጋር የትግራይ ነፍጠኛ በእጃቸው ገባ። ከዚያ ወዲህ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት አምባቸው ላይ ሳይሆን ከተከዜ ማዶ ነው። ሰሜን ግምጃ ቤታቸው፣ ወህኒያቸውና መሸሻቸው ሆኖ ቀረ። የራስ ሚካኤል ስሑልን ነገር ያስታወሰ አይደነቅም፤ እኒያም በ1769 ጎንደር ላይ አውራጅና አንጋሽ የሆኑት በትግራይ ነፍጥ ነው። የተከዜን ነገር አቅልሎ ማየት አይገባም። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ሰሜንና ትግራይ የሚለያዩ ሁለት አገሮች ይሆናሉ፤ በበጋ ሲጎድል ሲራራውም ጦሩም ይሻገራል። በ1842 ውቤ ደብረ ታቦር ላይ የየጁውን ራስ አሊን የገጠሙት የትግራይን ነፍጠኛ ይዘው ነው። የየጁ ፈረሰኛ በተኩስ ተሸነፈና አሊ ሸሹ፤ ውቤ ግን ድሉን ሲያከብሩ ተያዙ። ውጊያውን ነፍጡ አሸነፈ፤ ቀኑን የወሰደው ግብሩ ነው። ይህን የመሰለ ኃይል ሰሜን ለብቻው አሰልፎ ያውቅ እንደሆን ታሪክ ውስጥ ብንፈልግ አናገኝም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደኝ መቃወሚያ ልምጣ፤ እሱም የመጠን ጉዳይ ነው። አንድ በቅሎ 80 ኪሎ ድኝ ብትጭን 800 ኪሎ ባሩድ ይወጣዋል፤ በአንድ ተኩስ 10 ግራም ቢሄድ 80,000 ጊዜ ያስተኩሳል። ድኝ አይበላሽም፣ አይሻግትም፤ አንድ ባላባት አምስት በቅሎ ጭነት አምባው ላይ ካከማቸ ልጁም የልጅ ልጁም ሊተኩሱበት ይችላሉ። እንዲህ ጥቂት የሆነ ነገር አንድን አገር የቆላ ጥገኛ ሊያደርገው ይችላል ወይ? ብቻውን አያደርገውም፤ ይህን መቀበል ግድ ነው። ድኝ ባለመኖሩ ብቻ የተማረከ አምባ አላውቅም። ነገር ግን የድኝ ጥቅሙ ለታሪክ ጸሐፊው ሌላ ነው፤ ምስክርነቱ አይታበልም። ጠመንጃውን የሰሜን ቀጥቃጭ ጠግኖታል፣ አረሩን እዚሁ አቅልጠው አፍስሰውታል፣ ጨዉን እዚሁ አጥልለውታል እያልን መከራከር እንችላለን፤ ማስረጃው ለሁለቱም ወገን ይመቻል። ድኙን ግን እዚሁ አገኙት ማለት አንችልም፤ ዐለቱ አያስብለንም። ከሊማሊሞ አፋፍ የተተኮሰ ባሩድ ሁሉ ቢያንስ አሥረኛው ክፍል ከቆላ ወይም ከባሕር ማዶ መጥቷል። ድኙ የመጣበት መንገድ ደግሞ እርሳሱም፣ ማርትሬዛ ብሩም፣ ጠመንጃውም የመጡበት ነው። ባሩዱ ተሠርቶ ከምጽዋ በኩል ተገዝቶ ይመጣ ነበር የሚለው መቃወሚያም እንዲሁ ነው፤ የዳሎል ድኝ ነው ወይስ የባሕር ማዶ ባሩድ የሚለውን መለየት ነጋዴውን ይመለከተዋል እንጂ ክርክሩን አይለውጠውም። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ለሰሜን የሚመጣው ከታች ነው፤ በሩም የትግራይ በር ነው።

ደረስጌ ግን ለክርክሬ አልመች ይላል፤ ስለዚህ አላልፈውም። በየካቲት 1855 (1847 ዓ.ም. መሆኑ ነው) ካሣ ኃይሉ ውቤን ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ላይ ገጥሞ ድል ሲያደርግ በነፍጥ ብዛት የሚበልጡት ተሸናፊው ነበሩ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ብለው ያሠሯት ደረስጌ ማርያም ካሣን ቴዎድሮስ ብላ አነገሠች። ነፍጥና ባሩድ የነበረው ሰው በገዛ ተራራው ላይ ተሸንፏል፤ እንግዲያውስ ባሩድ ሁሉን አይወስንም ማለት ነው። እውነት ነው፣ አይወስንም። የኔ አባባል ግን ባሩድ ያለው ያሸንፋል አይደለም፤ ሰሜን ለብቻው ባሩድ አይኖረውም ነው። ከደረስጌ በኋላ የሆነውን ያየ ይህን በግልጽ ያገኘዋል። የውቤ ዘመድ አገው ንጉሤ የአጎታቸውን ቦታ ለመመለስ ሲነሡ ኃይላቸውን ያደራጁት ትግራይ ላይ ነው፤ ከፈረንሳዮች ጋር ሲደራደሩም ያቀረቡት ከባሕሩ ዳር ያለችውን ዙላን ነው። የሰሜን ቤት ልጅ ኃይል ሊያበጅ ሲፈልግ ዓይኑ የሄደው ወደ አምባው ሳይሆን ወደ ባሕሩ ነው። ቴዎድሮስ በ1860 ደባርቅ አካባቢ ዓመፀኞቹን ሲገጥሙ ወዳጃቸው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ወደቀ፤ ንጉሤም በ1861 መጀመሪያ ተይዘው ተገደሉ። ቴዎድሮስ ግን ሰሜንንም የውቤንም ግምጃ ቤት ከያዙ በኋላ የባሕሩን መንገድ ጸጥ አድርገው ሊገዙ አልቻሉም። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ጋፋት ላይ ያስቀለጡት፣ ለአውሮፓ ባለሙያ ላኩልኝ እያሉ የጻፉት ደጋው ተዘግቶባቸው ስለቀረ ነው። አምባ መያዝ ብቻ ቢበቃ ኖሮ እሳቸውን የሚያህል አምባ የያዘ አልነበረም።

የድኝ ዘመን የተዘጋው ቀስ በቀስ ነው። ጉንደት ላይ በ1875፣ ጉራዕ ላይ በ1876 ግብፆች ሲሸነፉ በብዛት የተማረከው ሬሚንግተን ባሩዱን በናስ ቀለህ ውስጥ አድርጎ የመጣ ነው፤ በቀለህ ውስጥ ያለው ገና ጥቁር ባሩድ ነበርና ድኝ አልቀረም፤ ግን ወቃጩ ባሕር ማዶ ሆነ። በ1880ዎቹ ፈረንሳዮች ጭስ አልባውን ባሩድ ሲያወጡ ድኝ ጭራሽ ከጠመንጃ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ባላባቱ የሚጠይቀው የቀለህን ቁጥር ነው። የአፋር ቆላም ፊቱን አዞረ። ኢጣልያኖች ከ1911 ጀምሮ ዳሎል ላይ የፈለጉት ፖታሽን እንጂ ድኝን አልነበረም፤ በ1918 የተጠናቀቀው የባቡር ሐዲዳቸውም ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነሥቶ ወደ ጨው ሜዳው አቅጣጫ የተዘረጋ ነው፤ ወደ ደጋው አንድ ክንድ አልወጣም። የወጣውም ፖታሽ ወደ 50,000 ቶን ሲደርስ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመንና የሌሎች አገሮች ምርት ገበያውን ስላጥለቀለቀው ሥራው ቆመ።